የሚያዝያ አንጮቴ

ዛሬ ራሱን ያመመው ሰው መጥቶ ፊቴ ሲቀመጥ መጀመሪያ የማየው ዓይኑን አይደለም፤ ዘንቢሉን ነው። ባልደረቦቼ ይስቁብኛል። «ትዕግሥት የበሽተኛ ሽንኩርት ትቆጥራለች» እያሉ ያሙኛል። ይሳቁ። እናንተም ብትስቁ አልቀየምም፤ ብቻ መጀመሪያ ስሙኝ።

ነገሩ የደረሰብኝ ነቀምቴ በተመደብኩ በአራተኛው ዓመት ነው። ነርስ ነኝ፤ ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ማርቆስ ነው። ኦሮምኛዬ ያን ጊዜ ገበያ ያደርሰኛል እንጂ ከገበያ አይመልሰኝም ነበር፤ ሰላምታውን በደንብ እጀምርና ጨዋታው ሲጠልቅ እጠፋለሁ። ስሜ ትዕግሥት ይሁን እንጂ እኔና ስሜ ተጣልተን ነው የኖርነው። እናቴ «አንቺ በሰባት ወርሽ ነው የተወለድሽው፤ የቀረውን ሁለት ወር እስከ ዛሬ እየሮጥሽ ነው» ትለኛለች። ወጥ ሳይበስል የማወጣ፣ ሰው ንግግሩን ሳይጨርስ የምመልስ፣ ሚኒባስ ሳይቆም የምወርድ ሴት ነበርኩ። ቀልጣፋ ስለሚሉኝ በዚህ ጠባዬ እኮራበት ነበር።

በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ አንድ ጥናት መጣ። ማይግሬን የሚባለውን፣ እየተመላለሰ የራስን አንድ ጎን ቀስፎ የሚይዘውን ከባድ ራስ ምታት በአጭር መጠይቅ መለየት ይቻል እንደሆነ ለማየት ነው። በእኛ አገር ራሱን የሚያመው ሁሉ ወይ «ሳይነስ አለብኝ» ይላል፣ ወይ ደሙን ሰጥቶ «ታይፎይድ» ተብሎ ይመለሳል። «ማይግሬን አለብኝ» ብሎ የመጣ ሰው እኔ አልገጠመኝም። ስለዚህ ሥራው ደግ ሥራ ነበር። መጠይቁ ሦስት ጥያቄ ብቻ ነው። ራስዎን ሲያምዎት ያቅለሸልሽዎታል? ብርሃን ያስቸግርዎታል? ባለፉት ሦስት ወራት ቢያንስ አንድ ቀን ከሥራ አስቀርቶዎታል? ከሦስቱ ሁለቱን «አዎ» ያለ ሰው በማይግሬን ይጠረጠርና ካርድ ተሰጥቶት ለሚቀጥለው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ይቀጠራል።

የወረቀቱ ጀርባ ግን ሌላ ነው። እዚያ ስምንት ጥያቄዎች አሉ። ራስ ምታቱ አዲስ ነው? ትኩሳት አለ? አንገት ይገትራል? ነፍሰ ጡር ነዎት ወይስ በቅርቡ ወልደዋል? እያለ ይቀጥላል። ከእነዚህ አንዱ እንኳ «አዎ» ከሆነ የፊቱ ሦስት ጥያቄዎች ዋጋ የላቸውም፤ ሰውየው በዚያው ቀን ሐኪም ማየት አለበት። ሥልጠናው ላይ ሁለት ነገር ተደጋግሞ ተነግሮናል፤ ጀርባውን ሳትጠይቁ ፊቱን አትሙሉ፣ መላሹም ባለቤቱ ራሱ ይሁን።

እኔ ምን አደረግሁ? በቀን የሚሞላው ወረቀት ብዙ ነው፤ ጀርባው ደግሞ ጊዜ ይበላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የጠየቅኋቸው ሁሉ «የለም» ስላሉኝ፣ የነገውን ወረቀት ጀርባ ቤቴ ቁጭ ብዬ አስቀድሜ «የለም፣ የለም፣ የለም» እያልኩ መሙላት ጀመርኩ። በነጋታው የምጠይቀው ፊቱን ብቻ ሆነ።

ቀኑ የገበያ ቀን ነው። ከከተማው በጨለለቂ በኩል ገበያ ዳር ድንኳን ተክለን እኔና ሌንሳ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። ሌንሳም እንደኔ ነርስ ናት፤ የአገሩ ልጅ ነች። እሷ አንድ ሰው ተቀብላ እስክትሸኝ እኔ ሦስት እጨርሳለሁ። የሰውየውን ቤተሰብ፣ የከብቱን ጤና፣ የዝናቡን ነገር ሳትጠይቅ እስክሪብቶ አታነሳም።

«ሌንሳ፣ ሠርግ ቤት ነው እንዴ ያለሽው?» እላታለሁ።

«አንቺስ እሳት ልታጠፊ ነው የመጣሽው?» ትለኛለች።

ሦስት ሰዓት አካባቢ አንዲት እናት ፊቴ ተቀመጡ። ስድሳ ዓመት ይሆናቸዋል፤ ራሳቸውን በጥቁር ሻሽ እስከ ቅንድባቸው ጥብቅ አድርገው አስረዋል፤ ዘንቢላቸው ከብዷቸው ያለከልካሉ።

«አካም ጅርቱ፣ አዴ? ፈያ?» አልኳቸው፤ እንዴት ነዎት እናቴ፣ ደህና? እንደማለት።

«ፈያ፣ ገለታ ዋቀዮ። አንቺስ ደህና ነሽ፣ ኢንተለ ኮ?» ልጄ ማለታቸው ነው።

«ደህና ነኝ። ራስዎን ያምዎታል?»

ሻሻቸውን ነካ አደረጉ። «የእኔስ ይቆይ። የእኔ የቆየ ነው። የልጄ ሚስት ናት እንጂ ሦስት ቀን ሙሉ ራሴን፣ ራሴን የምትል። የራስ ምታት ሐኪሞች መጥተዋል ሲሉ ሰምቼ ነው።»

ራሷ ትምጣ ማለት ነበረብኝ። ግን ከኋላቸው ሰልፉ ረዝሟል። «የት ናት?»

«ዲጋ። ቤት ናት። አትወጣም እኮ።»

ዲጋ ከነቀምቴ በሚኒባስ የሚኬድበት ከተማ ነው። ስላመማት የማትወጣ መሰለኝ። «ዕድሜዋስ?»

«ሃያ ሁለት።»

«ያቅለሸልሻታል?»

«ኤዬ። ዛሬ ጠዋት አስመለሳት።»

«ብርሃንስ ያስቸግራታል?»

«መስኮቱን ሸፍኑልኝ ትላለች።»

«ከሥራስ አስቀርቷታል?»

ቀና ብለው አዩኝ። «ሥራ? አሁን ምን ሥራ አላት? ተኝታለች እንጂ።»

ሦስት ከሦስት። የወረቀቱ ቁጥር አርባ ሰባት ነበር። የቀጠሮ ካርዱን ከጥራዙ ቀድጄ ሰጠኋቸው፣ ማስታገሻ ክኒን ሰጠኋቸው፣ ምክሬንም በአንድ ትንፋሽ አወረድኩት። «ማይግሬን ይመስላል፤ አይፍሩ፣ አይገድልም። ይኼን ትዋጥ። ክፍሉን አጨልሙላት፣ በሩን ዝጉ፣ ሰው አይግባባት፣ ትተኛ። በሚቀጥለው ሳምንት ይዘዋት ይምጡ።»

«ገለቶሚ» ብለው አመስግነው ሲነሱ ዘንቢላቸው ዘንበል አለና ውስጡ ታየኝ። በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ፣ በፌስታል የተቋጠረ አብሽ፣ ከላይ ደግሞ አፈሩ ያልለቀቀ አንጮቴ። ወለጋ ያልኖረ ሰው አንጮቴን ላያውቀው ይችላል፤ ድንች መሳይ ሥር ነው፣ ተቀቅሎ በቅቤ ይበላል፣ በመስቀል ሰሞን የማይሠራበት ቤት የለም። እኔም የማውቀው እስከዚህ ድረስ ነበር። በሚያዝያ ግን አይቼው አላውቅም።

«እናቴ፣ ዘንድሮ መስቀል በሚያዝያ ገባ እንዴ?» አልኳቸው ወደ ዘንቢሉ እያመለከትኩ።

አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው ከልባቸው ሳቁ። «ኤዬ፣ ለእኛ ቤት ገብቷል» አሉኝ።

እኔም ሳቅሁ። ሰው አስቄ በመሸኘቴ ደስ ብሎኝ ቀጣዩን ጠራሁ።

ሰባት ሰዓት ላይ ምሳ ቀረብን። ለጨዋታ ያህል ለሌንሳ ነገርኳት። «በሚያዝያ አንጮቴ የሚገዛ ሰው ገጠመኝ።»

ሌንሳ ያነሳችውን ቁራሽ አልጎረሰችውም። «ማን ተሰብሮባቸው ነው?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«አንጮቴ በዚህ ወር የለም፣ ትዕግሥት። ለክፉ ቀን ብሎ ከመሬት ሳያወጣ ያቆየ ሰው ካልሸጠው አይገኝም። ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም። የሚገዛው ወይ አጥንቱ የተሰበረ ሰው ያለበት ቤት ነው፣ ወይ...» አቋረጠችው። «ሌላስ ምን ይዘው ነበር?»

«ቅቤ። አብሽ።»

ቁራሹን ትሪው ላይ መለሰችው። «አራስ ናት። የገዙት ለአራስ ነው። ምራትየዋ ወልዳለች።»

«አትወጣም እኮ» ያሉት፣ «አሁን ምን ሥራ አላት» ያሉት፣ «ለእኛ ቤት ገብቷል» ብለው የሳቁት፣ ሁሉም ተራ በተራ ጆሮዬ ላይ መጣ። ሴትየዋ ምንም አልደበቁኝም። እኔ ነኝ ያልሰማሁት።

አንባቢዎቼ፣ ሁላችሁም የጤና ባለሙያ ስላልሆናችሁ ልንገራችሁ። የወለደች ሴት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራሷን አጥብቆ ካመማት፣ ካስመለሳት፣ ብርሃን ካስጠላት፣ የደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል። ነፍሰ ጡር ሳለች ደህና የነበረችውንም ይይዛል። በጊዜ ካልተደረሰላት ያንቀጠቅጣታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የሰዓታት ጉዳይ ነው። ሦስቱ ጥያቄዎቼ ይህንን ከማይግሬን አይለዩትም። የሚለየው ጀርባው ላይ ያለው ጥያቄ ነበር። እኔ ደግሞ ክፍሉን አጨልሙ፣ በሩን ዝጉ፣ ማንም አይግባባት ብያለሁ። ብታንቀጠቀጥ እንኳን የሚያያት እንዳይኖር አድርጌ ነው የላክኋቸው።

ወረቀቱን አወጣሁት። ስም የለውም፤ የጥናቱ ደንብ ነው፣ የሰው ምስጢር እንዲጠበቅ። «ሴት፣ ሃያ ሁለት፣ ዲጋ» ይላል፤ ሌላ ምንም የለም። ሌንሳ ገለበጠችው። ስምንት «የለም» ተደርድሯል።

«ጠይቀሻቸው ነበር?» አለችኝ።

«አልጠየቅኋቸውም።»

ስድብ ጠብቄ ነበር፤ ቢመጣ ይቀለኝ ነበር። «ተነሺ» ብቻ አለችኝ።

ወደ መናኸሪያ ልሮጥ ስል እጄን ይዛ ወደ ገበያው አዞረችኝ። በሚያዝያ አንጮቴ የሚሸጡት አንድ ወይም ሁለት ሴቶች ናቸው፣ እነሱ ያውቋቸዋል አለች። እውነቷን ነበር። አንዲት ወፍራም ሴት ማዳበሪያ ላይ የቀረች ትንሽ ክምር ዘርግታ ተቀምጣለች። ሌንሳ ጎንበስ ብላ ጀመረች። «አካም ኦልተን? ፈያ? ልጆቹስ? ከብቱስ? ዝናቡስ በእናንተ በኩል እንዴት ነው?»

አበድኩ። ክንዷን ቆነጠጥኳት። ሳትዞር እጄን አወረደችው። እያንዳንዱ «ፈያ» ዲጋ ካለችው ልጅ ዕድሜ ላይ የሚቀነስ እየመሰለኝ እግሬን ከመሬት ጋር አደባደብኩ። ሴትየዋ ግን ሰላምታውን ተቀብላ ስትጨርስ፣ ስለ ጠዋቷ ገዢ ሲነሳላት፣ አንድም ነገር አላስቀረችም።

«አዴ ጋዲሴን ነው? እንዴ! ዋጋ እንኳን ሳይከራከሩ ነው የወሰዱት፣ ደስ ብሏቸው። ምራታቸው ለሊሴ ወንድ ልጅ ወልዳላቸው፤ ዛሬ አምስት ቀኗ። አባትየው አርጆ ከተማ አስተማሪ ነው፣ ገና አልደረሰም። ልጅቷ ግን ፊቷ አብጧል፣ እህልም አልወስድ ብላለች አሉኝ። ቤታቸው? ዲጋ፣ ከጸሎት ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር።»

አንጮቴ ሻጯ እኔ መጠየቅ የነበረብኝን ሁሉ ጠይቃ ጨርሳለች። ወረቀትም እስክሪብቶም አልነበራትም።

መናኸሪያው ውስጥ የዲጋ ሚኒባስ ገና ግማሽ አልሞላም። ረዳቱ «ሲሞላ ነው የሚሄደው» አለኝ። ጮህኩበት፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ እንጂ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሌንሳ ወደ ሾፌሩ መስኮት ሄዳ በኦሮምኛ በዝግታ ነገረችው። ከተናገረችው ውስጥ የለየሁት «ዴሱ» የሚለውን ብቻ ነው፤ አራስ ማለት ነው። ሾፌሩ ሌላ አልጠየቀም፤ ቁልፉን አዞረ። ተሳፋሪውም አላጉረመረመም። አንድ ሽማግሌ እንዲያውም በየመንገዱ ሰው እንዳይጭን ሾፌሩን አስጠነቀቁት።

መንገዱ ክፍት የሆነበት ሰሞን በመሆኑ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ግን መቀመጥ አልቻልኩም። ስልኬን አወጣለሁ፣ ዲጋ ጤና ጣቢያ እደውላለሁ፣ አይሰራም፤ እመልሰዋለሁ፣ እንደገና አወጣዋለሁ። ሌንሳ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋለች። ቦርሳው ውስጥ የደም ግፊት መለኪያ አለ። እሷ ሁልጊዜ ትይዘዋለች፤ እኔ የራሴን «ይከብዳል፣ ለሦስት ጥያቄ ምን ያደርጋል» ብዬ ቤት ትቼው ነው የምወጣው። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ይባላል። እኔ ያፈሰስኩት ተለቅሞ የሚመለስ እንደሆነ አላውቅም ነበር።

«ብትሞትስ?» አልኳት።

«ዝም በይ» አለችኝ። የቦርሳዋን ማንገቻ ጣቷ ላይ ጠመጠመችው። ያን ጊዜ ነው እሷም እንደፈራች ያወቅሁት።

ሰማያዊው በር ላይ አዴ ጋዲሴ በርጩማ አውጥተው ተቀምጠዋል። ሕፃኑ ደረታቸው ላይ ተኝቷል። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ፤ ወዲያው ግን ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

«ሽ! እንዳልሽኝ አድርጌያለሁ» አሉ በሹክሹክታ። «መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍኛለሁ። ሊጠይቅ የመጣውን ሁሉ ከበር መልሻለሁ። እኔም አልገባሁም። ክኒኑን ውጣ ተኝታለች።»

ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንዳልገቡ አልጠየቅኋቸውም። አልፌያቸው ገባሁ።

ጨለማው ውስጥ መጀመሪያ የሰማሁት ትንፋሽዋን ነው። በሕይወት አለች። ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ ስገልጠው ለሊሴ ዓይኗን በክንዷ ሸፍና አቃሰተች። ፊቷ አብጦ ዓይኖቿ ሊጠፉ ምንም አልቀራቸውም። እግሯን ስጫነው ጣቴ ጎድጉዶ ቀረ።

«ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይላል» አለችን በደካማ ድምፅ። ከጎድን አጥንቷ በታች እያሳየች ደግሞ «እዚህም ይወጋኛል» አለች።

ሌንሳ ለካች። ድጋሚ ለካች። መቶ ሰማንያ በመቶ ሃያ።

«አሁኑኑ ጤና ጣቢያ» አልኩ።

አዴ ጋዲሴ በሩ ላይ ቆመው ነበር። «አምስት ቀኗ እኮ ነው። አራስ እንዴት በፀሐይ ትወጣለች?» አሉ። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። «ኢንተለ ኮ፣ አንቺ እኮ አይገድልም ብለሽኛል።»

መልሱ አንድ ቃል ነበር፤ «ተሳስቻለሁ» ማለት። ሌንሳ ቀደመችኝ። «አዴ፣ አሁን ብሶባታል። ስለዚህ ነው የመጣነው። እንሂድ» አለች። እኔን ለማዳን ብላ ነው። እኔም ጫማዬን እያየሁ ዝም አልኩ።

አዴ ጋዲሴ ሕፃኑን ለሌንሳ ሰጡና ጥቁሩን ሻሽ ከራሳቸው ፈቱ። ብርሃን እንዳይወጋት በዚያ ሻሽ የምራታቸውን ዓይን ሸፍነው አሰሩላት። ሻሹ ሲነሳ ግንባራቸው ላይ ገመድ ያረፈበት የሚመስል ጥልቅ መስመር አየሁ። ያ መስመር የአንድ ቀን አልነበረም። አየሁት፤ ግን ጊዜ አልነበረኝም።

ሾፌሩ አልሄደም ነበር። ለካ እኛ ስንሮጥ ተሳፋሪውን አውርዶ፣ መኪናውን አዙሮ፣ የኋላውን ወንበር አጥፎ ጠብቋል። ለሊሴን እኔና ሾፌሩ ተሸክመን አስገባናት፤ ራሷ ጭኔ ላይ ነበር። ጤና ጣቢያው ሩቅ አይደለም። በሩ ጋ ልንደርስ ስንል እጇ እጄ ውስጥ ድርቅ አለ። ከዚያ መላ ሰውነቷ ተንቀጠቀጠ። አረፋ ደፈቀች። አዴ ጋዲሴ «ያ ዋቅ! ያ ዋቅ!» እያሉ ፈጣሪን ጠሩ። ወደ ጎን አዞርኳት፣ ምላሷን እንዳትነክስ፣ እንዳይታፈንባት ታገልኩ፣ ስሟን ጠራሁ። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ የረዘመ ጊዜ አላሳለፍኩም።

የጤና ጣቢያው ሰዎች መኪናው ውስጥ ሳለች ደረሱልን። ማንቀጥቀጡን የሚያስቆመውን መርፌ ወጓት። ቀስ እያለ ለቀቃት። በአምቡላንስ ወደ ነቀምቴ ሆስፒታል ተመለስን፤ የመጣንበትን መንገድ እንደገና፣ አሁን በሳይረን። ጠዋት አዴ ጋዲሴ ዘንቢላቸውን ይዘው፣ ክኒኔን በጉያቸው ሸጉጠው፣ ደስ ብሏቸው የሄዱበትን መንገድ።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ሐኪሙ ወጣ። ግፊቷ መውረድ ጀምሯል፣ ነቅታለች፣ የልጇን ስም አውቃ ጠርታለች አለን። ባልየው ከአርጆ ደርሶ ግድግዳው ሥር ቁጭ ብሎ ያለቅሳል። ሐኪሙ «ማን ነው የደረሰባት?» ብሎ ጠየቀ።

አዴ ጋዲሴ ክንዴን ይዘው ወደ ፊት ሳቡኝ። «ይቺ ናት። ቤቴ ድረስ እግዚአብሔር የላካት ይቺ ናት» አሉና ሁለቱን እጆቼን እያገላበጡ ሳሙ።

ሌንሳ ወለሉን አየች። እነዚያ እጆች ናቸው ጀርባውን «የለም» እያሉ የሞሉት።

በማግስቱ የጥናቱ አስተባባሪ ዘንድ ሄጄ ቁጥር አርባ ሰባትን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ቀጥዬ ያልተጠቀምኩባቸውን፣ ጀርባቸው አስቀድሞ የተሞላውን ወረቀቶች አስቀመጥኩ። ሁሉንም ነገርኩት። እኔ የሞላሁት ሁሉ ተጣለ፤ ከጥናቱም ተሰናበትኩ። ተገቢ ነበር። ግን ይህ አላሳረፈኝም። ለአለቃ መናዘዝ ቀላል ነው፤ ቅጣቱን ተቀብለህ ትወጣለህ። እጄን የሳሙት ሴትዮ ግን አያውቁም። ክረምቱን ሙሉ ዲጋ ለመሄድ ተነሳሁ፤ አንድ ጊዜ መናኸሪያ ደርሼ ተመለስኩ። እንቅልፌ ሄደ፤ እኔንም ራሴን ያመኝ ጀመር።

እነሱ ቀደሙኝ። በመስቀል ሰሞን የቤቴ በር ተንኳኳ። አዴ ጋዲሴ ዘንቢላቸውን ይዘው፣ ለሊሴ ልጇን አዝላ በሬ ላይ ቆመዋል። ልጁ ወፍሮ ጉንጩ ሊፈነዳ ደርሷል። አንጮቴው በዘንቢሉ ነው፤ ወቅቱን ጠብቆ የመጣ አንጮቴ። ሴትየዋ ኩሽናዬ ገብተው ራሳቸው ቀቀሉት፣ ላጡት፣ በቅቤ አሹት፣ አቀረቡልን። ለሊሴ ልታጎርሰኝ እጇን ስትዘረጋ መቀበል አቃተኝ።

«አዴ» አልኩ። «ያን ቀን ክኒን ሰጥቼ የላክሁዎት እኔ ነኝ። አይገድልም ያልኩት፣ በሩን ዝጉ ያልኩት እኔ ነኝ። ወረቀቱ ላይ ወልዳለች ወይ የሚል ጥያቄ ነበር። ሳልጠይቅዎት የለም ብዬ ሞላሁት። ብሶባት አይደለም የመጣሁት፤ ስህተቴን ሳውቅ ነው የመጣሁት።»

የለሊሴ እጅ አየር ላይ ቆሞ ቀረ።

«አውቃለሁ» አሉ አዴ ጋዲሴ።

«እንዴት?»

«ሌንሳ ብሶባታል ስትል አንቺ ጫማሽን ነበር የምታይው። ያጠፋ ልጅ እንዴት እንደሚያይ የማላውቅ ይመስልሻል? አምስት አሳድጌያለሁ።»

«ታዲያ ለምን እጄን ሳሙኝ?»

«ተመልሰሽ መጣሻ። ስም ሳታውቂ፣ ቤት ሳታውቂ ፈልገሽ መጣሽ።» ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «እኔም እኮ ሳልነግርሽ ቀርቻለሁ። ዘንቢሌን አይተሽ ስትስቂ፣ ይቺ አውቃለች ብዬ ነው። እዚህ አገር በሚያዝያ አንጮቴ አይቶ አራስ አለ የማይል ሰው የለም። የሩቅ ልጅ መሆንሽን ረሳሁት።»

ለሊሴ በሌላ እጇ የልጇን ራስ ዳበሰች። ከዚያ ጉርሻውን አስጠጋችው። ጎረስኩ፤ እያለቀስኩ ጎረስኩ።

አንባቢዎቼ፣ አጫጭር መጠይቆችን የምጠላ እንዳይመስላችሁ። ሦስቱ ጥያቄዎች ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው፤ ስንቱን በየዓመቱ ታይፎይድ ከመባል አድነውታል። ክፋቱ ከጥያቄው ማጠር አልነበረም። ጠያቂዋ መልሱን ቤቷ ሞልታ መምጣቷ ነበር። እናንተም በየሥራችሁ የምትሞሉት ወረቀት ይኖራችኋል፤ መምህር ብትሆኑ፣ ጸሐፊ ብትሆኑ፣ የቀበሌ ሠራተኛ ብትሆኑ። «የለም» ብላችሁ ስታልፉ ያ ቃል በአንድ ሰው ቤት በር ሆኖ ሊዘጋ እንደሚችል እኔን አይታችሁ እመኑ። እኔ አሁንም ችኩል ነኝ፤ ጠባይ በአንድ ቀን አይለወጥም። ሰው ፊት ስቀመጥ ግን እጆቼን ጭኔ ላይ አድርጌ ሰላምታውን እስከ መጨረሻው እቀበላለሁ፤ ከብቱንም ዝናቡንም እጠይቃለሁ።

ያን ቀን በልተን ስንጨርስ አዴ ጋዲሴ ሁለተኛውን ሳህን ሊያወጡልኝ ተነሱና ሻሻቸው ስለላላ ፈትተው እንደገና ሊያስሩት ሲሉ፣ ያን መስመር ግንባራቸው ላይ እንደገና አየሁት።

«አዴ፣ ያን ቀን ‹የእኔስ ይቆይ› ብለውኝ ነበር» አልኳቸው።

«የእኔ የቆየ ነው። ተዪው።»

«አልቸኩልም።»

እስክሪብቶ ይዤ እንደሆነ እጄን አዩ። ባዶ ነበር። ሳህኑን አስቀምጠው ተቀመጡ። የመጀመሪያ ልጃቸውን ከወለዱበት ዓመት ጀምሮ በየወሩ ይመጣል፤ በአንድ ጎን ብቻ፤ ያስመልሳቸዋል፤ ፀሐይ ጠላታቸው ትሆናለች። ለባላቸው ነግረው አያውቁም። ለማንም ነግረው አያውቁም፤ ማንም አልጠየቃቸውም።

«ከሥራስ አስቀርቶዎት ያውቃል?» አልኳቸው።

«ብቀር ማን ይሠራልኛል? ራሴን ጥብቅ አድርጌ አስሬ እሠራለሁ» አሉኝ።

ወረቀቱ ቢኖር ይህ «የለም» ተብሎ ነበር የሚሞላው። እኔ ግን ስንት ቀን እንደዚያ አስረው እንደሠሩ ጠየቅኋቸው፤ እሳቸውም ከመጀመሪያው ጀምረው ነገሩኝ። ሦስቱን ጥያቄ ስጨርስ ሁለተኛው ሳህን አንጮቴ ቀዝቅዞ ነበር።